የሁለት መቶ አሥራ አምስተኛው ፎቶ

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ አትጨነቁ፤ ያነበባችሁትም ብትሆኑ ግማሹን ረስታችሁታል፣ አውቃችኋለሁ። በሦስት ትንፋሽ ልንገራችሁና ወደ ዛሬው ጉድ እንግባ።

እኔ የድረ ገጽ ሞካሪ ነኝ። ሌሎች ሠርተው "አለቀ" ያሉትን ገጽ እየነካካሁ የት ጋ እንደሚሰበር አሳያቸዋለሁ። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ስሜ "እትዬ ስህተት" ነው። ከዚህ በፊት ሃያ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ስለሆንኩ ስድቡ አይሰማኝም፤ ለምጄዋለሁ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ኮድ ጸሐፊ ነው። እሱን "ደንቡ" ነው የምንለው። ምን ብትጠይቁት መልሱን "ደንቡ የሚለው..." ብሎ ነው የሚጀምረው። የከፈተውን ቅንፍ ሳይዘጋ ምሳ አይወጣም። ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ጋር ተመሳስሎ ዐይን ካደከመ፣ ወይም ቁልፍ የሚመስል ነገር ተነክቶ ዝም ካለ፣ የራሱ ቤት በር የተሰበረበት ያህል ይንገበገባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እሱ ሁለቱንም ሆኖ የተወለደ ነው። ግን ልቡ! ልቡን ብታዩት።

ሦስተኛዋ እሷ ናት፤ የአንድ ቤት ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ልጅና የሽያጭ ኃላፊ። የአባቷን ድረ ገጽ ልንሠራ ከተዋዋልን ጀምሮ በየማክሰኞው የወንበርና የሶፋ ፎቶ ይዛ ትመጣለች። እኔ በልቤ "ወይዘሪት ወንበር" ብዬ ሰየምኳት፤ በኋላ አፌ አላርፍ ብሎ ቢሮው ሁሉ ያዘው። አባቷን ሰው ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ሕመም ዐይናቸውን ወስዶባቸዋል። ሥራውን ሲሰጡን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "እኔ ብቻዬን፣ ማንም እጄን ሳይዘኝ ገብቼ የማልወጣበት ሱቅ የእኔ ሱቅ አይደለም።"

ስለዚህ ገጹ በድምፅ መነበብ አለበት። ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው ፕሮግራም ጽሑፉን ያነብላቸዋል። ፎቶ ጋ ሲደርስ ግን ፎቶውን ራሱን አያነብም፤ ከፎቶው ኋላ፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈውን መግለጫ ነው የሚያነበው። የሚያይ ሰው መግለጫው መኖሩንም አያውቅ፤ የማያይ ሰው ግን ከእሱ ሌላ ምንም የለውም። ደንቡ ለሁለት መቶ አሥራ አራት የቤት ዕቃ አንድ በአንድ መግለጫ ጻፈ። "ባለ አራት እግር የእንጨት ወንበር፤ መደገፊያው ቀጥ ያለ፤ የክንድ ማሳረፊያ የለውም።" በቃ። ከሁለት መስመር የበለጠ መግለጫ ሰሚን ያሰለቻል ይላል። ደንብ ነው።

ፍቅራቸው የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። እሷ ጽሑፉ ነጭ ላይ በስሱ ግራጫ ይሁን አለች፤ ያምራል ብላ።

"ይሄ አይነበብም" አላት።

"እኔ እያነበብኩት ነው" አለችው።

"አንቺማ ጥሩ ዐይን አለሽ። ስልኩን ፀሐይ ላይ ይዞ የሚያነበውስ? መነጽሩን ቤት የረሳውስ?"

"መነጽሩን የረሳ ሰው ሶፋ አይግዛ!"

"መነጽሩን የረሳ ሰው ነው ቁጭ ማለት የሚፈልገው።"

ልትቆጣ ከንፈሯን አሹላ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። እሱም ሳቀ። ደንቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጥርስ እንዳለው እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጽሑፉ ጥቁር ሆነ፣ የሁለቱም ነገር አለቀለት።

ከዚያ በኋላማ ማክሰኞ መጣ ማለት ሥራ ቀረ ማለት ነው። እሷ ስትገባ ስክሪኑን ያጠፋል። "ትንሽ ይረፍ" ይላል። ኮምፒውተር ምን ደክሞት! ጥቁሩ ስክሪን ላይ የእሷ መልክ ስለሚያርፍ፣ ጀርባውን ሰጥቷት እሷን ያያል። እሷ ደግሞ ከኋላው ቆማ ማጅራቱን ታያለች። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። እንዲህ እየተያየን አራት ወር አለፈ።

"ንገራታ፣ አንተ ልጅ!" አልኩት አንድ ቀን።

አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ እናቴን ያውቋታል?"

"አላውቃትም።"

"እዚያው ፋብሪካ የሶፋ ጨርቅ ሰፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የጋሼን ልጅ ወደድኩ ብዬ እናቴን ከመኪናዋ ላስነሳት?"

መኪና ያለው የስፌት መኪናዋን ነው። እሱ ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ኮዱ ተመለሰ፤ እኔ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ገጽ ላይ ስህተት መፈለግ አስጠላኝ።

*

አሁን የምነግራችሁን እኔም ሆንኩ ደንቡ ያወቅነው ዘግይተን ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፤ እኔ ብቻዬን ልቃጠል እንዴ!

ከሁለት ሳምንት በፊት ወይዘሪት ወንበር ደብዳቤ ጻፈች። የፍቅር ደብዳቤ። የቢሮውን ኢሜይል አለቃችንም ያነበዋል፤ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥባታል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰበች። ገጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት እኛ ብቻ የምንገባበት መሞከሪያ አለን። ደንቡ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ላይ ያለውን "ይጻፉልን" የሚል ቅጽ ሲያሳያት፣ "እዚህ የምትጽፊው በቀጥታ እኔ ጋ ነው የሚደርሰው፤ ሌላ ማንም አያየውም" ብሏት ነበር። እሷም ቃሉን በልቧ ይዛ ቆይታለች።

ቅጹን ከፈተች። "የጉዳዩ ዓይነት" የሚለው ቦታ ላይ ያሉት ምርጫዎች ትእዛዝ፣ ቅሬታ እና ሌላ ናቸው። ቅሬታ ልትል ምንም አልቀራትም፤ "ሌላ" አለች። ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ልቧን ገለበጠችው። "ላክ" የሚለውን ስትነካ ወዲያው መልስ መጣላት፦

"ክቡር ደንበኛችን፣ መልእክትዎ ደርሶናል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ባለሙያችን ያነጋግርዎታል።"

ምስኪን! ሦስት የሥራ ቀን ጠበቀች። ቅዳሜና እሁድን እንኳ አልቆጠረችበትም።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁ መጀመሪያ የእኔ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ቅጹን ስሞክር መቶ አርባ ጊዜ "ፈተና ፈተና" ብዬ ልኬ የደንቡን የመልእክት ሣጥን ሞልቼው ነበር። እሱም ተማርሮ መልእክቱ ወደ እሱ እንዳይሄድ መስመሩን ቆረጠው። በራሱ የሚሄደውን መልስ ግን ረሳው። መሞከሪያው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ ስንገባ የተላከበት መልእክት ሁሉ ሙልጭ ተደርጎ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሁሉ የሚያበግነው፣ መስመሩን መቁረጡን የትም አልጻፈውም። አንዲት ነጠላ ሠረዝ ሲያነሳ መቼና ለምን እንዳነሳ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው፣ ይቺን አልጻፋትም!

በአራተኛው የሥራ ቀን፣ ማክሰኞ፣ መጣች። ፎቶ የያዘውን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ሳታነሳ ቆየች።

"አንተ ጋ የደረሰ ነገር የለም?" አለችው።

"ሁሉም ደርሷል" አለ። "አሥራ ሁለቱም ፎቶ።"

"ከፎቶው ሌላስ?"

"ሌላ... ሌላ እንኳ የለም። ኖሮ ከሆነም በጣም አስቸኳይ አይመስለኝም። አስቸኳይ አስቸኳዩን ነው የማስቀድመው።"

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ደንቡ አላየም፤ ስክሪኑን አጥፍቶ እሷን ፍለጋ ጥቁሩ ላይ አፍጥጧል፣ ግን ያን ቀን መብራቱ ከፊት ለፊት ስለነበር ራሱን ብቻ ነው ያየው።

"ገባኝ" አለች። "አመሰግናለሁ። በጣም አመሰግናለሁ።" ወጣች።

"ምን አልኳት?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ!" አልኩት። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ አለቃችን ዜናውን ይዞ ገባ። ጋሼ በባሕር ዳርቻ ባለችው የወደብ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው። የሚመራው ሰው ሲፈልጉ ሰንብተው ልጃቸው "እኔ እሄዳለሁ" ብላቸዋለች። ለሦስት ዓመት። የገጹን ርክክብ ዓርብ አይታ እሁድ ትሄዳለች።

ደንቡ ያን ቀን ኮዱን ሳያስቀምጥ ነው ከወንበሩ የተነሣው። አንድ ሰው ቢሞትበት እንኳ ኮዱን ሳያስቀምጥ የሚነሣ ልጅ አልነበረም።

*

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

"ስለ እኛ" በሚለው ገጽ ላይ የሚገባ አንድ ፎቶ ይቀር ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛው። የእሷ ፎቶ። በማሳያ አዳራሹ ውስጥ ያነሳት ደንቡ ራሱ ነው። ሐሙስ ጠዋት ለዚህ ፎቶ መግለጫ ሊጽፍ ተቀመጠ። የሚጻፈው "የሽያጭ ኃላፊዋ፣ መስኮት አጠገብ ቆማ" የሚል ነበር። እሱ ግን ለራሱ ብቻ፣ ትንፋሽ ሊያገኝ ብሎ፣ ሌላ ነገር ጻፈ። ጽፎ ሊያጠፋው። የማጥፋቱ ሰዓት ሲመጣ እጁ እምቢ አለው። "ከምሳ በኋላ አጠፋዋለሁ" አለ። ከምሳ በኋላ አለቃችን ጠርቶ ሌላ ሥራ አሸከመው።

ከሰዓት እኔ ልፈትሽ ተቀመጥኩ። መግለጫ የሌለው ፎቶ ካለ የሚያሳብቅ መሣሪያ አለን። ነካሁት። "ፎቶ 215። መግለጫ 215። ችግር የለም።" አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። መሣሪያው መግለጫ መኖሩን እንጂ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ለዚህ ነው እኔን የቀጠሩኝ፣ በጆሮዬ እንድሰማ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ባለ አራት እግር ወንበር ስሰማ ውዬ ጭንቅላቴ ደንዝዟል። የመጨረሻዋን ሳልሰማ ፈረምኩ። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሳሳድድ የኖርኩት ሴትዮ!

ዓርብ ጠዋት ጋሼ መጡ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ መርታ አስገባቻቸው። ስብሰባ ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ አምስት ሰው ከገባበት መስኮት መክፈት ግድ ነው። አለቃችን አዲስ ከረባት አድርጓል። እሷ ደንቡ ካለበት ተቃራኒ ጫፍ ተቀመጠች፤ ሰላምታዋም ለሁላችንም እኩል ነበር፣ ከዚህ የከፋ ነገር ደግሞ የለም። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆነው ሳይ ልቤ ደማ።

"እኔ ራሴ ልያዘው" አሉ ጋሼ። ኪቦርዱን ሳብ አድርገው ጣታቸውን አሳረፉበት። "ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ፤ ሁላችሁም ስሙ።"

ጀመሩ። የኮምፒውተሩን ድምፅ ካላወቃችሁት፣ ስሜት የሚባል ነገር ያልጎበኘው ደረቅ ድምፅ ነው። ሠርግም መርዶም በአንድ ቃና ነው የሚያነበው። ጋሼ ከርእስ ወደ ርእስ ዘለሉ፣ ወንበር ፈለጉ፣ አገኙ፣ ለራሳቸው አንድ ጠረጴዛ አዘዙ፣ ትእዛዙን ሰረዙ። ማውስ የሚባል ነገር አልነኩም። ፊታቸው እየበራ ሄደ። "በሬን ራሴ ከፈትኩ" አሉ ቀስ ብለው። አለቃችን ከረባቱን ነካካ። ደንቡም ቢሆን በኀዘኑ መካከል ትንሽ ቀና አለ።

"እስቲ ደግሞ ስለ እኛ ምን ይላል?" አሉ ጋሼ።

ደንቡ ክው ብሎ ቀረ። እኔ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምቼ ዞር ስል ፊቱ አመድ መስሏል። በማውሱ ሊያቆመው እጁን ዘረጋ፤ ማውሱ ምን ሊያደርግለት! ገጹን ኪቦርድ ብቻ የያዘ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያለ ችግር እንዲሄድበት አድርጎ የሠራው ራሱ ነው፤ የጋሼ ጣት ደግሞ ፈጣን ነው።

"ምስል" አለ ድምፁ።

"ጋሼ፣ ይቺኛዋ ገና..." አለ ደንቡ።

"ቆይ ልስማ።"

ድምፁ ቀጠለ። "አንዲት ሴት ከመስኮት አጠገብ ቆማለች። ግራ እጇ ወንበር መደገፊያ ላይ ነው። ወንበሩን ማንም አያየውም። ልትስቅ ነው። ገና አልሳቀችም። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። አፏን በእጇ ልትሸፍን ታስባለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች።"

ሁለት መስመር አለፈ። ደንብ ፈረሰ። አለቃችን እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ስታስብ በጣቷ ትነካታለች። ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። አልነገርኳትም። ያምርባታል። የፎቶው ጠርዝ ትንሽ ደብዝዟል። ያነሳው ሰው እጁ ተንቀጥቅጦ ነው። ማየት ለማይችል ሰው ይህን ፎቶ በአጭሩ ልገልጽ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ቆንጆ ናት ብል ውሸት ባይሆንም ምንም አልነገርኩም ማለት ነው። እሁድ ትሄዳለች። ሰኞ ይህ ፎቶ እዚሁ ይኖራል። የምስል መጨረሻ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ! አሁን ማን ይመልሰው? እሷ ድርቅ ብላ ተቀምጣለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስለራሷ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት፣ በዚያ ደረቅ ድምፅ ስትሰማ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ደንቡን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይገባ ነበር።

"ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ" አለ አለቃችን ላቡን እየጠረገ። "የቴክኒክ ችግር ነው፤ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን።"

"አንተ ዝም በል" አሉ ጋሼ። ጣታቸውን መልሰው አሳረፉና እንደገና አስነበቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር፤ ምን እንደሚመጣ አውቀን ነዋ የምንሰማው።

ሲያልቅ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ።

"ጠባሳዋን ረስቼው ነበር" አሉ። "የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ከሥራ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ጋር ተጋጭታ ነው። ደሟን በሸሚዜ ነው የጠረግኩት። ይሄን እንዴት ይረሱታል? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ 'ልጅዎ እንዴት አምሮባታል' ይለኛል። ምን ላድርገው? በአእምሮዬ ያለችው ያቺው የድሮዋ ልጅ ናት። ትልቅ ሴት ሆና ስትስቅ ምን እንደምትመስል ዛሬ ነው ያየሁት። ማነው የጻፈው?"

ደንቡ ተነሣ። "እኔ ነኝ ጋሼ።"

እሷም ተነሣች። እንባዋ ሞልቶ፣ ግን ቁጣዋ ከእንባዋ ይበልጣል። "አባዬ፣ እንሂድ!" ወደ ደንቡ ዞረች። "ይሄን መጻፍ የምትችል ሰው ነህ ለእኔ ደብዳቤ አንዲት ቃል ያልመለስከው? አስቸኳይ አይደለም ያልከው?"

"የቱ ደብዳቤ?"

"የቱ ደብዳቤ ይለኛል! በቅጹ የላክሁልህ ነዋ! አንተው ጋ በቀጥታ ይደርሳል ያልከኝ!"

ለእኔ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። "መስመሩን ቆርጠኸዋል!" ብዬ ጮህኩ። "የእኔን ፈተና ፈተና ለመገላገል ብለህ! አይደለም?"

"ቆርጫለሁ... ግን ማስታወሻ ጽፌበት ነበር።"

"የት?"

አሰበ። አሰበ። "አልጻፍኩም" አለ። ሰው ገድያለሁ ብሎ ያመነ ሰው እንዲህ አይሆንም።

"ታዲያ ደብዳቤዬ የት ነው?" አለች፤ አሁን ድምፅዋ ወርዷል።

"ጠፍቷል። መሞከሪያው በየጠዋቱ ይጠረጋል።"

"ሁለት ገጽ እኮ ነበር!"

"ቅጂ አላስቀረሽም?"

"ልቤን ስጽፍ ቅጂ ማስቀረት ነበረብኝ?"

"እንግዲህ ደንቡ የሚለው..." ሲል እግሩን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። አንዳንድ ስህተት ሳይወጣ ነው የሚያዘው።

ጋሼ ሳቁ። ሁላችንም ደነገጥን። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው "አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

ይህን ጥያቄ ለአራት ወር የፈራው ልጅ ነው። ግን አልዋሸም።

"እናቴ እርስዎ ዘንድ የሶፋ ጨርቅ ሰፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ጋሼ፣ እሷ ይሄን ነገር አታውቅም። የተቆጡ እንደሆነ እኔን ይቆጡ፤ ሥራዬን ዛሬውኑ እለቃለሁ። እናቴን ብቻ አይንኩብኝ።"

ወይዘሪት ወንበር እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ለካ አራት ወር ዝም ያለው ለዚህ ነው! ኩራት መስሏት ነበር፣ ንቀት መስሏት ነበር። ከፊቷ ላይ ቁጣው ሲረግፍ እኔ በዐይኔ በብረቱ አየሁት።

"ስፌቷን አውቀዋለሁ" አሉ ጋሼ። "ዐይን ሳለኝ ጉድለት ፈልጌ አጣሁ። ዐይኔ ከጠፋ በኋላ በጣቴ ፈለግሁ፣ አሁንም አጣሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው የወለደችው ልጅ እኔን ፈርቶ ልቡን ደብቆ ከኖረ፣ ሰው እንዲያ የሚፈራኝ ከሆነ፣ ጉድለቱ የእኔ ነው። ልጄ፣ እናትህ እኔን አታጣም። እኔ ነኝ እሷን የማጣው እንጂ፣ ተቆጥታ ከሄደች።"



ጋሼ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። "ነይ ቁጭ በይ። እሱ አንቺን አሳየኝ። አሁን አንቺ እሱን አሳዪኝ። ምን ይመስላል?"

"አባዬ፣ በሰው ፊት?"

"እሱ አንቺን በሰው ፊት አይደል እንዴ? ደብዳቤሽ ደግሞ ጠፍቷል። በይ።"

ተቀመጠች። የአባቷን እጅ ያዘች። መጀመሪያ አባቷን እያየች ነው የጀመረችው።

"ረጅም ነው አባዬ። ምን እንደሚያደርገው የማያውቀው ርዝመት። ሸሚዙን ዛሬ አንድ ቀዳዳ አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ ማንም የነገረው የለም።"

አለቃችን ሳል ሳል አለ። ደንቡ ወደ ሸሚዙ አላየም።

"ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው። አሁን ቀልተዋል።"

"በጣም?" አሉ ጋሼ።

"እየባሰባቸው ነው። ስትቆጣው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ መቆጣትህን ትተህ ጠጋ ትላለህ። የማያየውን ሰው፣ የማያውቀውን ሰው፣ ስልኩን ፀሐይ ላይ ይዞ የሚያነበውን ሰው ያስባል። ማንም ሳያመሰግነው። እኔ መጀመሪያ ግትር ነው ብዬ ነበር። አባዬ፣ ግትር አይደለም። ሰው ውጪ እንዳይቀር ነው የሚጣላው።"

"ዐይኖቹስ?"

ቀና አለች። ደንቡ ቆሞ ነበር። ስክሪን አላጠፋም፣ አንገቱን አልደፋም፣ ወደ መስኮትም አልዞረም።

"ዐይኖቹ..." አለች። "አባዬ፣ እያየኝ ነው።"

"ምን ዓይነት ማየት ነው?"

"አላውቅም። እንዲህ ታይቼ አላውቅም።"



"እሁድስ?" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

"አልሄድም" አለች። እንባዋ ወረደ። "ለቅርንጫፉ ሌላ ሰው ፈልግ አባዬ። ተናድጄ ነው እሄዳለሁ ያልኩህ፤ ውስጤ ግን ከዚህ ንቅንቅ አላለም። እወደዋለሁ። የደብዳቤዬ ሁለቱም ገጽ የሚለው ይሄንኑ ነበር።"

ደንቡ ወንበር ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ ወንበሩን አላገኘውም፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ይስቃል። እሷም ከአባቷ እጅ ሳትላቀቅ ሌላኛው እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ያዘው። ጋሼ የልጃቸው እጅ ሲሞቅ ተሰምቷቸው መሰለኝ፣ ጠበቅ አድርገው ያዟት፤ እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ ሊጠርጉት አልሞከሩም። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም፣ ይቺ ሰው ሲስቅ የማትወድ እትዬ ስህተት፣ ደስ አለኝ፤ ከልቤ፣ እስኪያመኝ ድረስ ደስ አለኝ።